ለዐይናችንና ለአንገታችን ስንጨነቅ የረሳነው ትንፋሽ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ጋዜጣዎ በጤና ዓምዱ የስልክና የኮምፒውተር አጠቃቀም በሰው አካል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ደጋግሞ ማስነበቡን በአድናቆት እከታተላለሁ። ስለ ዐይን ድርቀት፣ ስለ አንገትና ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ እንቅልፍ መዛባት የወጡት ጽሑፎች ለብዙ አንባቢ እንደጠቀሙ አልጠራጠርም። ሆኖም ከእነዚህ ሁሉ እኩል ሊነሣ የሚገባው፣ እስካሁን ግን በዓምዱም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ውይይት ቦታ ያላገኘ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ትንፋሽ ነው። በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ፣ ውሏቸው ከስክሪን ፊት የሆነና ትከሻቸውን፣ ማጅራታቸውንና የላይኛው ጀርባቸውን የሚያማቸው ብዙ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ። ሕመማቸውን ሲያስረዱ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ጠረጴዛው ከፍታ፣ ስለ ሥራው ሰዓት ርዝመት በዝርዝር ይነግሩኛል፤ ትንፋሻቸውን የሚያነሣ ግን አይገጥመኝም፣ እኔ ስጠይቃቸውም ጥያቄው ከሕመማቸው ጋር ምን እንዳገናኘው ግራ ይገባቸዋል። ግንኙነቱ ቀጥተኛ መሆኑን ለማስረዳትና ጉዳዩ በጋዜጣዎ ሰፋ ብሎ እንዲታይ ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ከስክሪን ፊት የተቀመጠን ሰው ከጎን ሆኖ ደረቱንና ሆዱን ለጥቂት ደቂቃ የተመለከተ ሁሉ የምለውን በዐይኑ ማየት ይችላል። መልእክት መግባቱን የሚያስታውቅ ድምፅ ሲሰማ፣ ከአለቃ የተላከ ደብዳቤ ሲከፈት፣ ረጅም ምላሽ በጥድፊያ ሲጻፍ፣ የሰውየው ትንፋሽ ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ ከዚያም በደረቱ ላይኛው ክፍል ብቻ አጠር አጠር፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ይቀጥላል። እርሱ ግን አይታወቀውም፤ ቢጠየቅም እንደወትሮው እየተነፈሰ እንደነበር ይናገራል።

ነገሩን «ኢሜይል አፕኒያ» (አፕኒያ ማለት የትንፋሽ መቋረጥ ነው) የሚል ስም ሰጥታ በሰፊው ያስተዋወቀችው ቀደም ሲል በአፕልና በማይክሮሶፍት ኩባንያዎች በኃላፊነት የሠራችው ሊንዳ ስቶን ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ጽሑፍ ኢሜይሏን ስትከፍት ትንፋሿን እንደምትይዝ ማስተዋሏን ገለጸች፤ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን ተመልክታም 80 በመቶ ያህሉ እንደዚያው ሲያደርጉ ማየቷን ተናግራለች። ምልከታው በቤተ ሙከራ ሥርዓት የተካሄደ ጥናት ስላልነበረ ቁጥሩን እንደ ተረጋገጠ ልኬት መውሰድ አይገባም። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሳበኝ ትንፋሻቸውን ሳይዙ የሚሠሩት ሰዎች ማንነት ነው፤ ከእነርሱ መካከል ዳንሰኞች፣ ሙዚቀኞች፣ ስፖርተኞች፣ ማለትም ሙያቸው ትንፋሽን በሥርዓት መምራት ያስተማራቸው ሰዎች ነበሩበት። ከስክሪን ፊት ትንፋሽ የሚያዘው መሣሪያው በራሱ ስለሚያስገድድ ቢሆን ኖሮ እነርሱም ባልቀረላቸው ነበር።

ምክንያቱ ከተፈጥሯችን ይጀምራል። የሰውም ሆነ የእንስሳ አካል አዲስ ነገር ድንገት ሲገጥመው ለቅጽበት ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፤ እንቅስቃሴው ይገታል፣ ጭንቅላቱ ወደ ድምፁ ይዞራል፣ ትንፋሹ ይቆማል ወይም ይቀንሳል። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ ይህን ምላሽ «ምንድን ነው?» ሪፍሌክስ ሲል ሰይሞታል። በዱር ለሚኖር ፍጡር እጅግ ጠቃሚ ምላሽ ነው፤ አደጋ ካለ ለመሸሽ ያዘጋጀዋል፣ ከሌለም ወደ ግጦሹ ወይም ወደ ዕረፍቱ ይመልሰዋል። በስልክ ላይ ግን «ምንድን ነው?» የሚያሰኘው ነገር አያልቅም። አንዱ መልእክት ሳይነበብ ሌላው ይገባል፣ ምስል በምስል ላይ ይተካል፣ ጣት ወደ ላይ በገፋ ቁጥር አዲስ ነገር ይመጣል፤ ስለዚህ ለቅጽበት የታሰበው ምላሽ ሳይጠናቀቅ ሌላው ይጀምራል፣ አካልም ከዝግጁነት ሳይወርድ ይውላል።

የዐይንን ጉዳይ ልብ ብለን ብናየው ይህ የበለጠ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ልኬት፣ ሰዎች ዘና ባሉበት ጊዜ በደቂቃ 22 ጊዜ ያህል ዐይናቸውን እንደሚያርገበግቡ፣ መጽሐፍ ሲያነቡ ይህ ወደ 10 እንደሚወርድ፣ የኮምፒውተር ስክሪን ሲመለከቱ ደግሞ 7 ብቻ እንደሚሆን አሳዩ። ዛሬ ስለ ዐይን ድርቀት ማንም የሚያውቀው ጉዳዩ ተቆጥሮ ስለተነገረው ነው። ዐይን ማርገብገብም መተንፈስም ያለ እኛ ትእዛዝ የሚካሄዱ፣ ከፈለግንም በፈቃዳችን ልናዛባቸው የምንችል ሥራዎች ናቸው፤ ትኩረት የአንዱን ሥርዓት እንደዚህ ከቀየረ የሌላውን ሳይነካ ያልፋል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ደግሞም የትንፋሹ ነገር የተለካ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሪክ ፔፐርና ባልደረቦቻቸው በኪቦርድና በማውዝ የሚሠሩ ሰዎችን በመሣሪያ እየለኩ ትንፋሻቸው እንደሚፈጥንና የትከሻ ጡንቻዎቻቸው ሳይታወቃቸው እንደሚወጠሩ ለዓመታት አሳይተዋል።

እዚህ ላይ የአተነፋፈስን አሠራር ትንሽ ማብራራት ግድ ይላል፤ ያለዚያ የምናገረው ሁሉ ምክር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጤናማ አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው አየርም ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር የሚሆነው በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በአየር ቧንቧዎች ውስጥ ቆይቶ ሳይሠራበት ይመለሳል፤ ከደም ጋር ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለዋወጠው ወደ ጥቃቅኖቹ የሳንባ ከረጢቶች የደረሰው ቀሪው ብቻ ነው። አንድ ሰው በደቂቃ 12 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ግማሽ ሊትር ቢተነፍስ በድምሩ 6 ሊትር አየር ያስገባል፤ ከዚህ 4.2 ሊትሩ ከረጢቶቹ ዘንድ ይደርሳል። ሌላ ሰው በደቂቃ 24 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሩብ ሊትር ቢተነፍስ ድምሩ ያው 6 ሊትር ነው፤ ከረጢቶቹ ዘንድ የሚደርሰው ግን 2.4 ሊትር ብቻ ይሆናል። ሁለቱም እኩል አየር አንቀሳቅሰዋል፤ ሁለተኛው ግን የድካሙን ግማሽ እንኳ አላገኘም።

እርግጥ ነው፣ ጤናማ አካል ይህን የመሰለ ጉድለት ዝም ብሎ አያይም። በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልኩ ሲያልፍ በአንጎል ግንድ ያለው መቆጣጠሪያ ወዲያው ትንፋሹን ያፋጥናል ወይም ያጠልቃል። ስለዚህ «ስልክ የሚያይ ሰው አንጎሉ ኦክስጅን ያጣል» እየተባለ የሚነገረው ማጋነን ነው፤ እንዲህ ያለው አነጋገር አንባቢን አስደንግጦ ዋናውን ነገር ያስረሳዋል። ዋናው ነገር አካል ያንኑ አየር ለማግኘት የሚከፍለው ድካምና ድካሙን የሚሸከሙት ጡንቻዎች ናቸው።

በጸጥታ ስንተነፍስ የሥራውን አብላጫ የሚይዘው ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም የተባለው ሰፊ ጡንቻ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ሆድ ወደ ፊት ገፋ ይላል፣ የታችኛው የጎድን አጥንት ወደ ጎን ይከፈታል፣ አየርም ወደ ሳንባ ይገባል። ሰው ወገቡን አጉብጦ፣ ሆዱን አጥፎ፣ ደረቱን ወደ ጭኑ አስጠግቶ ሲቀመጥ ግን ድያፍራም የሚወርድበት ቦታ ይጠበዋል። በዚህ ጊዜ የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች የላይኛውን የጎድን አጥንት ወደ ላይ እየሳቡ ለሳንባ ቦታ ያበጃሉ። እነዚህ ጡንቻዎች የተፈጠሩት በሩጫና በከባድ ሥራ ጊዜ ለማገዝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንዲተነፍሱልን አይደለም። በደቂቃ 15 ጊዜ ብለን ብናሰላ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን 7,200 ጊዜ እንተነፍሳለን። ትከሻ በየቀኑ ይህን ያህል ጊዜ ሲነሣና ሲወርድ ውሎ ማታ ቢያም ምን ያስደንቃል? ብዙ ሰው ወደ እኛ መጥቶ በመታሸት ይሻለዋል፤ ወደ ወንበሩ ተመልሶ በዚያው አተነፋፈስ ሲውል ግን ሕመሙ ይመለሳል። እኔ የትከሻ ሕመምን ከትንፋሽ ለይቼ ማከም ያቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አጎንብሶ መቀመጥ የሳንባን አቅም እንደሚቀንስ የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአካል ማገገሚያ ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ጤናማ ሰዎችን በተለያየ አቀማመጥ ለክቶ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ቀጥ ብሎ ከቆመው ያነሰ አየር እንደሚያስገባና እንደሚያስወጣ አሳይቷል። በስልክ ጊዜ ደግሞ አንገት ይጨመርበታል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ኒው ዮርክ የሚሠሩ አንድ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ አንገት 60 ዲግሪ ሲጎነበስ በአከርካሪው ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህ ስሌት ነው፣ በሕያው ሰው ላይ የተለካ አይደለም፤ አቅጣጫውን ግን በትክክል ያመለክታል። ጭንቅላት ወደ ፊት ባጋደለ መጠን ከኋላ ያሉት የአንገት ጡንቻዎች ጭንቅላትን የመሸከም፣ ከፊትና ከጎን ያሉት ደግሞ ደረትን የማንሣት ሥራ በአንድ ጊዜ ይወድቅባቸዋል።

ብዙ የማይታወቅ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሳናስበው በረጅሙ የምንተነፍሰው ነው። ሰው ሲያዝን ወይም ሲገላገል በረጅሙ መተንፈሱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ጤናማ ሰው ስሜት ኖረውም አልኖረው በየአምስት ደቂቃው ገደማ አንድ ጊዜ ከወትሮው እጥፍ የሚሆን አየር ይስባል። በሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩት ጥቃቅን ከረጢቶች ከጊዜ ወደ ጊዜ አንዳንዶቹ እየተኮማተሩ ይዘጋሉ፤ ያ ረጅም ትንፋሽ መልሶ ይከፍታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የጃክ ፌልድማን፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማርክ ክራስኖው ቡድኖች ይህን ትንፋሽ የሚያዝዙትን በአንጎል ግንድ የሚገኙ ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት በአይጦች ላይ ለይተው አሳይተዋል። ተፈጥሮ ለአንድ ትንፋሽ ብቻ ራሱን የቻለ ትእዛዝ ማዘጋጀቷ ለሕይወት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ይመሰክራል። በቤልጅየም ሉቨን ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ያልተቋረጠ ትኩረት የትንፋሽን ተፈጥሯዊ መለዋወጥ እንደሚቀንሰውና በረጅሙ መተንፈስ ሥርዓቱን ወደ ቦታው እንደሚመልሰው ያመለክታሉ። ከስክሪን ፊት ረጅም ሰዓት ቆይቶ የሚነሣ ሰው ቀና ሲል ራሱን ሳያዝዝ በረጅሙ የሚተነፍሰው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ይህን ትንፋሽ ሥራው መካከል ደጋግሞ ሊያገኘው ሲገባ እስኪነሣ ድረስ ተከልክሎ መቆየቱ ያሳዝነኛል።

እስካሁን የተናገርኩት ትንፋሽ ስለሚያንስበት ሁኔታ ነው፤ ከልኩ የሚያልፍበትም አለ፣ ይህም ሰውን ይበልጥ የሚያስደነግጠው ነው። በጭንቀት ሆኖ የሚሠራ ሰው ለረጅም ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ አካሉ ከሚያመነጨው በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ይህ ጋዝ እንደ ቆሻሻ ብቻ ይታያል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከልኩ ሲወርድ ግን የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም የያዘውን ኦክስጅን በቀላሉ አይለቅም። ይህን የኋለኛውን የዴንማርኩ ሳይንቲስት ክርስቲያን ቦርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1904 ገልጸውታል። ሰውየው የሚሰማው ራስ ማዞር፣ የጣቶችና የከንፈር መደንዘዝ፣ የደረት መጨነቅ፣ «አየር አልጠግብ አለኝ» የሚያሰኝ ስሜት ነው፤ አየር ያነሰው ስለሚመስለውም ይበልጥ ይስባል፣ ችግሩም ይባባሳል። በጥድፊያ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህ ሲገጥመው ልቤ ታመመ ብሎ መስጋቱ አይፈረድበትም። አንባቢን አደራ የምለው ግን አንድ ነገር አለ፤ የደረት ሕመም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው ምክንያቱ ስክሪን ነው ብሎ ራሱን እንዳያጽናና፣ አስቀድሞ ሐኪም ይመርምረው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ መደናገር መጥራት አለበት። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ ደጋግሞ የሚቋረጥበት፣ ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው በሽታ በሕክምና የሚመረመርና የሚታከም፣ ካልታከመም ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ከባድ ችግር ነው። ከስክሪን ፊት ትንፋሽ መያዝ ግን በሐኪም የሚሰጥ የበሽታ ስም አይደለም፤ ነቅቶ ያለ ሰው የሚያዳብረው ልማድ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች፣ ማታ የሚያንኮራፋውንና ቀን የሚያንቀላፋውን ታማሚ ስልኩን ብቻ በመተው እንዲድን እየጠበቀ እንዲዘገይ ያደርጉታል።

ስለ ሌሊቱ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ጋዜጣዎ የስክሪን ብርሃን የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነውን ሜላቶኒንን እንደሚያዘገይ ቀደም ሲል አስነብቧል። እኔ የምጨምረው ጎን ለጎን የሚሄደውን ነገር ነው። አየር ስናስገባ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይቀንሳል፤ ይህም ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ የተባለ ነርቭ ሥራ ነው። ትንፋሻችንን በዝግታ፣ በተለይም አየር የምናስወጣበትን ጊዜ አርዘም አድርገን ስናስኬድ አካላችን ወደ ዕረፍት ያዘነብላል። አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ስልኩን ከፊቱ በላይ የያዘ፣ በሚያነበው ነገር እየተናደደ ወይም እየጓጓ ትንፋሹን የሚቆራርጥ ሰው ብርሃኑን ቢቀንሰው እንኳ ለእንቅልፍ የሚያስፈልገውን ይህን መረጋጋት ራሱን ከልክሏል።

የሕፃናቱ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ስክሪን ፈጽሞ እንደማይመከር፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት ገልጿል። መመሪያው የተመሠረተው በአብዛኛው በእንቅስቃሴ፣ በእንቅልፍና በእድገት ላይ ነው፤ ትንፋሽን ግን ከእንቅስቃሴ መነጠል አይቻልም። የሚሮጥ፣ የሚጮኽ፣ የሚስቅ ልጅ ሳንባውን እስከ ጥግ ይጠቀምበታል፤ ታብሌት ይዞ የተቀመጠ ልጅ ግን ለሰዓታት በጥቂቱ ብቻ ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ብሪታንያ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሕፃናትን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ በልጅነታቸው በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ቴሌቪዥን ያዩ የነበሩት አስም የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ እጥፍ የተጠጋ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ቴሌቪዥን አስም ያመጣል የሚያሰኝ ማስረጃ አይደለም፤ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም። ያም ሆኖ ወላጅ ልጁን ሳያስፈራራ፣ ጨዋታው መካከል ትንፋሹን ውጦ ሲቀመጥ ባየው ጊዜ ጠርቶ እንዲያናግረውና እንዲያስነሣው ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው።

ምን እናድርግ ለሚል አንባቢ የምመልሰው ቀላል ነው፤ ስልክና ኮምፒውተር ይቅሩ የሚል ሰው አይደለሁም፣ እኔም ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በእነርሱው ነው። ስክሪኑ ወደ ዐይን ከፍታ ይምጣ እንጂ ዐይን ወደ ስክሪኑ አይውረድ። እግር መሬት ይንካ፣ ወገብ ድጋፍ ያግኝ፣ ሆድን የሚያጣብቅ ቀበቶ ላላ ይበል። መልእክት ከመክፈታችን በፊት አየሩን ቀስ ብለን እናስወጣ፤ በጥልቀት ለመሳብ መታገል ያልለመደውን ሰው ራሱን ሊያዞረው ይችላል፣ በዝግታ ያስወጣ ሰው ግን የሚገባው አየር ራሱ ይመጣለታል። አየሩ በአፍንጫ ቢገባ ይመረጣል፣ አፍንጫ አየሩን ያጣራል፣ ያሞቃል፣ ያረጥባልና። ረጅም ጽሑፍ ያለው ሰው ከፊሉን ድምፅ እያሰማ ቢያነበው፣ በስልክ የሚነጋገርም ቆሞ እየተንቀሳቀሰ ቢነጋገር፣ መናገር በባሕርዩ አየር ማስወጣት ስለሆነ ትንፋሹ ሳይታዘዝ ይስተካከላል። ትንፋሽን የሚያስታውሱ መተግበሪያዎችና የእጅ ሰዓቶች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ የጠቀማቸው ሰዎችም አሉ። እኔ በግሌ በቀን ውስጥ ከሚያቋርጡን ድምፆች ላይ ሌላ ድምፅ ከሚጨምረው መሣሪያ ይልቅ፣ ከሚያቋርጡን ውስጥ ግማሾቹን ዝም ማሰኘትን አስቀድማለሁ።

ነገር ግን ሸክሙን በሠራተኛው ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይደለም። በየደቂቃው መልስ የሚጠበቅበት፣ ምን ያህል ፊደል እንደጻፈና ስንት ደንበኛ እንዳስተናገደ በኮምፒውተሩ የሚቆጠርበት ሰው «ረጋ ብለህ ተንፍስ» ቢባል ምክሩን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1990 በስክሪን ላይ ስለሚሠሩ ሰዎች ያወጣው መመሪያ አሠሪዎች ሦስት ዓይነት አደጋዎችን እንዲመረምሩ ያስገድዳል፤ የዐይንን፣ የአካልንና የአእምሮ ጫናን። የዕለቱ የስክሪን ሥራ በየጊዜው በዕረፍት ወይም በሌላ ዓይነት ሥራ እንዲቋረጥም ያዝዛል። መመሪያው ሲወጣ ስልክ በኪስ አልገባም ነበር፤ መልእክትም ሰውን እስከ መኝታው አይከተለውም ነበር። ትንፋሽ ከሦስቱ መካከል ለብቻው ባይጠራም የዕረፍቱ ድንጋጌ ለእርሱም ይጠቅማል፤ የሚቆጨኝ እንዲህ ያለው ዕረፍት ብዙ ጊዜ አንዱን ስክሪን ትቶ ሌላውን በመክፈት ማለቁ ነው። ዕረፍት የሚባለው ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ዐይኑን ወደ ሩቅ ጥሎ፣ እጁን ባዶ አድርጎ ሲንቀሳቀስ እንደሆነ አሠሪዎች በደንባቸው በግልጽ ቢጽፉት እመኛለሁ። የማያስቸኩል ደብዳቤ በሰዓታት፣ የሚያስቸኩል ጉዳይ ደግሞ በስልክ ጥሪ እንዲፈጸም ቢወሰን ሠራተኛው ድምፅ በሰማ ቁጥር ትንፋሹን የሚይዝበት ምክንያት በእጅጉ ይቀንሳል። ለዚህ ወጪ አያስፈልግም፤ የአለቆች ስምምነት ይበቃዋል።

ከዋናው አዘጋጅ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የጤና ዓምዱ በቀጣይ እትሞች የሳንባ ሐኪሞችን፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን፣ እንዲሁም የድምፅና የመዝሙር መምህራንን አንድ ላይ አነጋግሮ አንባቢ ተቀምጦ ሲሠራ እንዴት መተንፈስ እንዳለበት በሥዕል አስደግፎ እንዲያሳይ ነው። መምህራኑን የጨመርኩት ትንፋሽን ማስተማር ከማንም በላይ የእነርሱ ሙያ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ጋዜጠኞችዎ ራሳቸው ቀኑን ሙሉ ከስክሪን ፊት የሚውሉ ናቸውና ሙከራው ከዝግጅት ክፍሉ ቢጀመር መልካም ይመስለኛል፤ ፈቃደኛ የሆኑ ባልደረቦች እርስ በርሳቸው ከጎን ሆነው ሲሠሩ ትንፋሻቸውን ቢተያዩ፣ ያዩትንም በዓምዱ ላይ እንዳለ ቢያወጡት፣ እኔ በረጅም ደብዳቤ ለማስረዳት ከሞከርኩት በላይ አንባቢው ያምነዋል። የአካል አቀማመጥን በተመለከተ ማብራሪያ ካስፈለጋቸው ጊዜዬን ሰጥቼ ለመተባበር ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የዘወትር አንባቢዎ፣
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ